ፊደል የቈጠረ ሰው ንባብ እንዳይርበው

በተበላ በቤተ ክርስቲያኑ የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



ኢዮቤልዩ የሚባለው በዓል ሥሩ በሙሴ ሕግ ነው። በዚያ ሕግ ሰባት ጊዜ ሰባት ዓመት ተቈጥሮ 50ኛው ዓመት ሲደርስ ቀንደ መለከት ይነፋ ነበር። ከድህነት የተነሣ ራሱን የሸጠ ሰው ነጻ ወጥቶ ወደ ወገኖቹ እንዲመለስ፥ ርስቱን የለቀቀም ሰው ወደ ርስቱ እንዲገባ ታዝዞ ነበር። እንግዲህ ኢዮቤልዩ የደስታ ቀን ብቻ አይደለም፤ የታሰረ የሚፈታበት፥ የተወሰደም የሚመለስበት ቀን ነው። ስለዚህ ኢዮቤልዩን የሚያከብር ሕዝብ ድንኳን ከመትከሉና ድግስ ከመደገሱ አስቀድሞ በመካከሉ ሳይፈታ የቀረ ሰው እንዳለ ሊመረምር ይገባዋል።

በገጠር ከቀሩት እስራቶች አንዱ ሰንሰለት የለውም። ባልዋ የሞተባት አንዲት እናት ስለ መሬትዋ የተጻፈ ወረቀት ተዘርግቶላት፥ «እዚህ ላይ ጣትሽን አኑሪ» ስትባል፥ አውራ ጣትዋን ቀለም አስነክራ ታትማለች። ወረቀቱ መሬቱን ለአንድ ዓመት የሚያከራይ ይሁን ለዘለዓለም የሚያስለቅቅ፥ እርስዋ የምታውቀው ሌላ ሰው በነገራት መጠን ብቻ ነው። ያ ሰው እውነተኛ ከሆነ ትድናለች፤ ሐሰተኛ ከሆነ ግን ርስትዋ በገዛ ጣትዋ ይሄዳል። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ባልና ሚስት በጋራ የያዙት መሬት የይዞታ ደብተሩ በሁለቱም ስም እንዲዘጋጅ አዝዞ ነበር። ይህም ለሴቶች ታላቅ ጋሻ ሆነ። ነገር ግን ጋሻው የተሠራው በጽሕፈት ስለ ሆነ፥ በደብተሩ ላይ ስምዋን ለይታ ማንበብ የማትችል ሴት ጋሻዋን የሚይዝላት ሌላ ሰው ነው።

ይህን መናገር ያልተማረውን ሰው ማቃለል አይደለም። ፊደል አለማወቅና አላዋቂነት አንድ አይደሉም። የወላይታ ሽማግሎች ጨረቃን አይተው የጊፋታን ቀን የሚቈርጡት ያለ መጽሐፍ ነው። የወላይታ እናቶችም እንሰት መቼ እንደሚነቀል፥ እንዴት እንደሚፋቅ፥ ምን ያህልም ጊዜ እንደሚብላላ ያወቁት ከትምህርት ቤት አይደለም። በጎጃም የነበሩት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በልጅነታቸው ዐይናቸው የጠፋ ሲሆኑ የቅኔ መምህርት ሆነው ብዙ ደቀ መዛሙርት አፍርተዋል። ዕውቀት በዐይን ብቻ የሚገባ ቢሆን ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር፤ ሴት ልጅም ለረቂቅ ትምህርት አትሆንም ለሚል ሰው የእማሆይ ገላነሽ ጉባኤ በቂ መልስ ነው።

ሆኖም ዘመኑ ቃልን ትቶ ወረቀትን ያመነ ዘመን ነው። ፍርድ ቤቱ፥ ባንኩ፥ ጤና ጣቢያውና የኅብረት ሥራ ማኅበሩ ሁሉ የሚጠይቁት ጽሑፍ ነው። የመድኃኒቱ መጠን በጽሑፍ ነው፤ የብድሩ ወለድ በጽሑፍ ነው፤ ወደ ሩቅ አገር ለሥራ የምትሄደው ልጅ የምትፈርመውም ውል በጽሑፍ ነው። ስለዚህ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ዐዋቂ ሳለ እንደ ሕፃን በሞግዚት ይኖራል። ዕውቀት ሳያንሰው ነጻነት ያንሰዋል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከብዙ ዘመን ጀምራ ሕፃናትን ፊደል ስታስቈጥር ኖራለች። ሕፃኑ የተጻፈለትን ፊደል በስንደዶ እያመለከተ ሀ ሁ ይላል፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፥ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል። የአነባበቡ ሥርዓት ደረጃ አለው፤ ይኸውም ቍጥር፥ ግእዝ፥ ውርድ፥ ቁም ንባብ ይባላል። በቍጥር ንባብ ልጁ ፊደልን እንደ ጥሬ አንድ በአንድ ይለቅማል፤ በቁም ንባብ ግን እንደሚናገር ሰው ሳይደናቀፍ ይሄዳል። በመጨረሻ ዳዊት ሲደግም በወላጆቹ ቤት ደስታ ይሆናል።

ከዚህ ሥርዓት ሁለት ጥበብ ይገኛል። አንደኛው ያንኑ ንባብ መላልሶ ማንበብ ነው። ፊደልን አንድ በአንድ የሚለቅም ሰው ወደ ቃሉ መጨረሻ ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳዋል፤ ወደ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ሲደርስም ምሥጢሩ ያመልጠዋል። ዐይኑ ቃሉን በሙሉ በአንድ ጊዜ መያዝ ሲለምድ ግን ልቡ ለምሥጢሩ ባዶ ይሆናል። ሁለተኛው ጥበብ ትልቁ ተማሪ ታናሹን ማስተማሩ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ መምህር በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር ብዙ ተማሪ ይዞ ይውላል፤ ብዙ ወረቀትም ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

ጕድለቱም ሊሸሸግ አይገባም። ዳዊት የደገመው ልጅ ብዙ ጊዜ የግእዙን ምሥጢር አያውቀውም ነበር። ማንበብ የቻለውም ሁሉ መጻፍ አይችልም ነበር፤ ጽሕፈት ለብቻው የጸሐፊ ሙያ ነበርና። ሴቶች ልጆችም ከጥቂቶች በቀር ከዚህ ገበታ አልተቀመጡም። በግብረ ሐዋርያት የተነገረለት የኢትዮጵያ ንግሥት ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ነቢዩን ኢሳይያስን ያነብ ነበር፤ ማንበብ አልተሳነውም። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ ግን የሚመራኝ ያስፈልገኛል ብሎ አላፈረም። ከዚህ ታሪክ ማንበብና ማስተዋል ሁለት መሆናቸውን፥ ሁለቱንም የሚያገናኝ ሰው ወደ ሠረገላው ወጥቶ ከአንባቢው ጋር መቀመጥ እንደሚገባው መረዳት ይቻላል።

ይህም ነገር በወላይታ ምድር በብርቱ የሚነካ ነው። በገድለ ተክለ ሃይማኖት የዳሞቱ ንጉሥ የሞተሎሚ ታሪክ ስለሚነገር የክርስትና ወሬ በዚህ አገር ጥንታዊ ነው። ዛሬ የሚታየው የጽሕፈት ሥራ ግን የሰፋው በ1887 ዓ.ም. የወላይታው ንጉሥ ጦና በዐፄ ምኒልክ ሠራዊት ድል ከተነሡ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤተ ክርስቲያኑ በግእዝ ሲቀድስ፥ ዳኛውም ግብር ተቀባዩም በአማርኛ ይጽፍ ነበር። ስለዚህ ፊደል ለብዙው የወላይታ ገበሬ የደረሰው በማይሰማው ቋንቋ ልብስ ተሸፍኖ ነው። ለአንዳንዱም ጽሕፈት ማለት ከሳሽና ግብር ጠያቂ ብቻ መስሎ ታየው። በ1920 ዓ.ም. ገደማ ወደ ወላይታ የመጡት የውጭ አገር ሚስዮናውያን በሃይማኖት የተለዩ ቢሆኑም ከወንጌል ክፍል በወላይትኛ አስተርጕመው ለሕዝቡ ሰጡ። ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲነገረው ጆሮው እንደሚከፈት እነርሱ ቀድመው ተረድተውት ነበር። መልካም ነገር ከማንም ቢታይ መማር የጥበበኛ ሰው ወግ ነው።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡን ለማስተማር ብዙ ተደከመ። በ1948 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ማንበብ የማይችል ጐልማሳ ሁሉ እንዲማር ጥሪ አደረጉ። በ1960ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዩኔስኮ ማንበብን ከሥራ ጋር አጣምሮ ለማስተማር በ11 አገሮች ሙከራ ሲያደርግ ኢትዮጵያ ከእነርሱ አንዲቱ ሆነች፤ ከኢትዮጵያም ከተመረጡት ቦታዎች አንዱ የሶዶ አካባቢ ነበር። ሐሳቡም ገበሬ ፊደልን ከእርሻው ጋር፥ ሠራተኛም ከመሣሪያው ጋር እንዲማር ነው። ሐሳቡ መልካም ሳለ ትምህርቱ በአማርኛ ስለ ነበር፥ አማርኛ የማይሰማው ገበሬ ፊደሉንና ቋንቋውን ሁለት ሸክም አድርጎ በአንድ ጀርባ ተሸከመ።

በ1967 ዓ.ም. በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ወጡ። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ደግሞ ከሁሉ የሰፋ ሆነ። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ ወላይትኛም ዘመቻው ከተከፈተባቸው ከመጀመሪያዎቹ ቋንቋዎች አንዱ ነበር። ሁሉም የተጻፉት በግእዝ ፊደል ነው። አያት ከልጅ ልጅዋ ጐን ተቀምጣ ሀ ሁ ያለችበት ዘመን ነበር። ከ1966 ዓ.ም. በፊት ከመቶው ከዘጠና በላይ የሚሆነው ሕዝብ ማንበብ አይችልም ሲባል በኖረበት አገር በሚሊዮን የሚቈጠር ሰው የምስክር ወረቀት ተቀበለ፤ በ1972 ዓ.ም.ም በዩኔስኮ በኩል ለኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጣት።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው ፊደል ከቈጠረ፥ ያቺ እናት ዛሬ አውራ ጣትዋን ስለ ምን ትነክራለች? መልሱ አንድ ነው፤ ፊደል ተሰጠ፥ ንባብ ግን አልተሰጠም። የምስክር ወረቀቱን የተቀበለው ገበሬ ወደ ቤቱ ሲመለስ በቤቱ የሚነበብ አንድ ቅጠል እንኳ አልነበረውም። ጋዜጣ ወደ መንደሩ አይደርስም፤ መጽሐፍ በገበያው አይሸጥም፤ ደብዳቤም የሚጽፍለት የለም። በቍጥር ንባብ ደረጃ ላይ ሳለ ስንደዶውን አስቀመጠ፤ ቁም ንባብም ሳይደርስ ቀረ። ያልተሳለ ማጭድ እንደሚዝግ ያልተነበበ ፊደልም ከልብ ይጠፋል። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ዘመቻው ቆመ፤ በ2009 ዓ.ም. ገደማ በተደረገው ግምትም ከ15 ዓመት በላይ ከሆነው የኢትዮጵያ ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው ግማሽ ያህሉ ሆኖ ተገኘ።

በወላይታ ደግሞ ሌላ መለያየት ተጨመረ። ከ1980ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ ወላይትኛ በትምህርት ቤት የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ምክንያት አልታጣለትም። በወላይትኛ የሚረዝምና የሚያጥር አናባቢ፥ የሚጠብቅና የሚላላም ድምፅ የቃልን ትርጕም ይለውጣል፤ የግእዝ ፊደል ይህን ለይቶ አያሳይም፥ በላቲን ግን ሆሄውን ደጋግሞ በመጻፍ ይታያል። ሆኖም በዘመቻው ጊዜ ወላይትኛን በግእዝ ፊደል ያነበበች እናት የልጅ ልጅዋን የወላይትኛ መጽሐፍ ስትከፍት ቋንቋው የእርስዋ ሆኖ ሳለ ፊደሉ እንግዳ ሆነባት። አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ፥ አንዱ የጻፈውን ሌላው ማንበብ ተሳነው።

ሕዝብ ለመጽሐፉ ቋንቋ ምን ያህል እንደሚቀና ደግሞ በ1992 ዓ.ም. ታይቷል። የወላይታን፥ የጋሞን፥ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋ በአንድ ቀላቅለው «ወጋጎዳ» የተባለ የመማሪያ መጽሐፍ ባወጡ ጊዜ በሶዶ ከተማ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የሰውም ሕይወት ጠፋ፤ መጻሕፍቱም ቀሩ። መጽሐፍ ለአንባቢው ሳይጠየቅ ቢሠራ አንባቢው አይቀበለውም። የማስተማር ሥራ ከመጽሐፍ አይጀምርም፤ ሰውየውን ከመጠየቅ ይጀምራል።

እንግዲህ ተስፋ ይቈረጥ ማለት ነውን? አይደለም። ተስፋ ለሚሻ ሰው የሁምቦ ኮረብታ ቅርብ ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው ጐዳና የሚያልፍ መንገደኛ ያን ኮረብታ ዛሬ ለምልሞ ያየዋል። ከዘመናት በፊት ግን ዛፉ ተጨፍጭፎ፥ አፈሩ ታጥቦ፥ ጐርፍ የሚወርድበት ራቍት ተራራ ሆኖ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ 2,728 ሄክታር የሚሆን ምድር በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ለተደራጁ ገበሬዎች ጥበቃ ተሰጠ። የሚበዛው ደን አዲስ ችግኝ በመትከል የመጣ አይደለም። ጉቶው ከላይ ደርቆ ቢታይም ሥሩ ከመሬት በታች ሕያው ነበርና፥ ከብት እንዳይገባ፥ ሰውም እንዳይቈርጥ ተከልክሎ፥ ከጉቶው የሚያቈጠቍጠውም ተመልምሎ አንዱ ጠንካራ ቅርንጫፍ እንዲያድግ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. ሥራው በተባበሩት መንግሥታት ሥርዓት ተመዘገበ፤ ዛፎቹ ከአየር ለሚስቡትም ካርቦን የዓለም ባንክ ለማኅበራቱ ገንዘብ ከፈለ።

ከዚህ ኮረብታ ለንባብ ሥራ ሁለት ነገር መማር ይገባል። የመጀመሪያው በዘመቻው ጊዜ የተማሩት ሰዎች ዛሬ ሽማግሎችና አሮጊቶች ቢሆኑም ሥራቸው ያልሞተ ጉቶ መሆናቸው ነው። ሀ ሁን ረስተናል ሲሉ ይሰማሉ፤ አንድ ወር ቢያነቡ ግን የተረሳው ይመለሳል፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው አዲስ ተከላ ሳይሆን ጥበቃ ነው። ሁለተኛው ደግሞ የደኑ ሀብት ራሱ በጽሕፈት መጠበቁ ነው። ማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ አለው፤ ቃለ ጉባኤ አለው፤ ገቢና ወጪ አለው። ደንቡን ጸሐፊው ብቻ የሚያነበው ከሆነ ደኑ የሁሉ ሆኖ ሳለ ምሥጢሩ የአንድ ሰው ይሆናል። የማይነበብ ሒሳብ ታማኙን ሰው ለሐሜት፥ ሌባውንም ለድፍረት ያጋልጣል።

ታዲያ በአንድ አጥቢያ አቅም ምን ሊሠራ ይቻላል? ብዙ ይቻላል፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም።

አንደኛ፥ ማንበብ የሚችል ወጣት ሁሉ በዓመት አንድ ጐልማሳ ይያዝ፤ በተለይም የገዛ እናቱን ወይም አያቱን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ይበቃል። እናቶች ከውኃ፥ ከእንጨትና ከገበያ ሥራ የሚያርፉበት ሌላ ሰዓት እምብዛም የለምና፥ እነርሱ ሲማሩ ሕፃናቱን የሚጠብቅ ሰው ከሰንበት ትምህርት ቤት ይመደብ። ይህ ትንሽ ነገር ካልተደረገ ትምህርቱ ለወንዶች ብቻ ይቀራል።

ሁለተኛ፥ ጀማሪው በሚሰማው ቋንቋ ይማር። ወላይትኛ የአፍ መፍቻው ለሆነ ሰው ወላይትኛ ይቅደም፤ አማርኛውም ይከተል። የግእዝ ፊደልን የሚያውቁ አሮጊት ላቲኑን ከልጅ ልጃቸው ይማሩ፤ ልጁም ግእዙን ከእርሳቸው ይማር። በዚህ መንገድ ሁለት ፊደል ቤትን የሚለይ ግድግዳ መሆኑ ቀርቶ ሁለት መስኮት ይሆናል። ግእዝን የሚወድ ሊቅ ይህን ሰምቶ አይፍራ። በገዛ ቋንቋው የማንበብን ጣዕም የቀመሰ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ግእዝ ምሥጢር በፈቃዱ ይመጣል፤ ሳያስተውል የደገመ ግን ድምፁን ይዞ ይቀራል።

ሦስተኛ፥ የሚነበብ ነገር ይገኝ። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አንድ ቍልፍ ያለው ሣጥን ይቀመጥ፤ በውስጡም በሁለቱም ቋንቋዎች የተጻፉ ቀላል መጻሕፍት፥ ስለ ጤናና ስለ እርሻ የሚናገሩም ወረቀቶች ይሰብሰቡ። አንዲት ታማኝ ሴት መዝግባ ታበድር። መጽሐፉ በንባብ ብዛት ቢቀደድ ይህ ጕዳት አይባልም፤ በሣጥን ውስጥ አዲስ ሆኖ ቢያረጅ ግን ጕዳት ነው።

አራተኛ፥ ንባብ ሥራ ይሰጠው። የዕድሩ ደንብና ሒሳብ ጸሐፊው ብቻ የሚያነበው መሆኑ ቀርቶ አባላቱ በየተራ ቆመው ያንብቡት። የሚሳሳት ቢኖር አይሣቅበት፤ ቍጥር ንባብ ያላነበበ ቁም ንባብ የደረሰ የለምና። እናቲቱም የይዞታ ደብተርዋን ይዛ ትምጣ፤ የምትማርበት የመጀመሪያ መጽሐፍ እርሱ ይሁን። በእርሱ ላይ የገዛ ስምዋን፥ የባልዋን ስም፥ የአዋሳኞችዋንም ስም ለይታ ያነበበች ቀን ስንት ዓመት የተማረ ሰው የማያገኘው ደስታ ታገኛለች።

አምስተኛ፥ ለዚህ ሥራ አንድ የመታሰቢያ ቀን ይኑረው። የተባበሩት መንግሥታት ከ1959 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ሁሉ የመሠረተ ትምህርት ቀን ብለው የሚያከብሩት ቀን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ይህም ቀን የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው፤ ሕዝቡ ስለዚህ ያለ ጥሪ ይሰበሰባል። በዓመቱ የተማሩት በዚያ ቀን በጉባኤ ፊት አንድ ገጽ ቢያነቡ፥ ሌላ ምስክር ወረቀት አያስፈልጋቸውም።

ኢዮቤልዩ ሲከበር ገንዘብ ይዋጣል፤ አጥር ይታደሳል፤ ደጀ ሰላሙም ቀለም ይቀባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የሚነቅፈውም የለም። ነገር ግን ከተዋጣው ገንዘብ አሥራቱ እንኳ ለመጽሐፉ ሣጥን ቢለይ፥ ግንቡ በቀለም ከደመቀበት ዘመን ይልቅ የሚረዝም ፍሬ ያፈራል። ቀለም ሁለት ዓይነት ነው፤ ግድግዳ የሚቀባ ቀለም አለ፥ ሰውን የሚያስነብብ ቀለምም አለ። ያቺ እናት ጣትዋን የነከረችበት ቀለም ግን ከሁለቱም አይደለም፤ እርሱ የሚታጠበው በማስተማር ብቻ ነው።

ወረቀት ሲዘረጋላት፥ «ቆይ፥ አስቀድሜ ላንብበው» ብላ የምትናገር እናት በዚህ አጥቢያ የተገኘች ዕለት የሙሴ ቀንደ መለከት ለእርስዋ ተነፋላት ማለት ነው። ያን ቀን ለማቅረብ ለሽማግሎች ምክርን፥ ለወጣቶች ትዕግሥትን፥ ለካህናትም ትጋትን እግዚአብሔር ይስጥ። አሜን።